«ማኪያቶ» ከየትኛው ግሥ ተገኘ?

ጥያቄ፦ ጣልያንኛ መማር ከጀመርሁ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። አስተማሪያችን «ማኪያቶ» በመሠረቱ የመጠጥ ስም ሳይሆን ከግሥ የተገኘ ቅጽል ነው አሉን። ግሡ ማን ነው? ትርጉሙስ «በወተት የተነካ» ከሆነ፣ «ጠቆር ያለ ማኪያቶ» ማለታችን ስሕተት አይሆንም?

መልስ፦ አስተማሪዎ ልክ ናቸው። ግሡ «ማክያሬ» ነው፤ ማሳደፍ፣ ነጠብጣብ ማሳረፍ ማለት ነው። የተገኘውም «ማክያ» ከሚለው ስም ሲሆን፣ ይህም በላቲን «ማኩላ»፣ ማለትም ነቁጥ ወይም እድፍ የነበረው ቃል ነው። በላቲን መካከል ላይ የነበረው «ኩል» በጣልያንኛ «ክይ» ወደሚለው ድምፅ መለወጡ የተለመደ ነው፤ ዓይን ማለት የሆነው «ኦኩሉስ» «ኦክዮ» የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። የእኛም «ጉድፍ» እና «አጎደፈ» እንደሚዛመዱ ልብ ይሏል። ምሳሌያዊ ትርጉሙ ሳይቀር ይገጥማል፤ እኛ «ስሙን አጎደፈ» በምንልበት ቦታ ጣልያኖችም ይህንኑ ግሥ ይጠቀማሉ፣ ወንጀል የፈጸመውንም ሰው በወንጀሉ «ራሱን አጎደፈ» ይሉታል።

እርባታው እንደ ማናቸውም በ«አሬ» የሚጨርስ ግሥ ነው፦ ማክዮ፣ ማኪ፣ ማክያ፣ ማክያሞ፣ ማክያቴ፣ ማክያኖ። «ማክያ» ስምም «ያሳድፋል» የሚል ግሥም ስለሚሆን ጀማሪን ማደናገሩ አይቀርም። ስሙ ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው፤ ቁጥቋጦ የበዛበት ዱር ማለት ነው። ጣልያኖች «ወደ ማክያ ራሱን ሰጠ» ሲሉ እኛ «ጫካ ገባ» የምንለውን ማለታቸው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጀርመን ላይ የሸፈቱት ፈረንሳውያን «ማኪ» መባላቸውም ከዚሁ ቃል የመጣ ነው።

ወደ መጠጡ ስንመለስ፣ «ማክያቶ» ከግሡ የወጣ የተደራጊ ቅጽል ነው። ከግእዝ የወረስናቸውን «ቅዱስ»ንና «ቡሩክ»ን ቢያስቡ ነገሩ ይቀልልዎታል። እነዚህ በአንስታይ ጾታ «ቅድስት» እና «ቡርክት» እንደሚሆኑ ሁሉ፣ ያደፈች ሸሚዝ በጣልያንኛ «ማክያታ» ናት፤ ሸሚዝ እዚያ አንስታይ ነውና። ቅጽሉ የሚገልጸው ከፊቱ ያለውን ስም ነው፤ ስለዚህ «ካፌ ማክያቶ» ወተት ጠብ ያለበት ቡና ሲሆን፣ «ላቴ ማክያቶ» ግን ቡና ጠብ ያለበት ወተት ነው።

በአማርኛ ግን ስሙ ቀርቶ ቅጽሉ ብቻውን ስም ሆኗል። (በልጅነታችን የገዛነው «ጀላቲ»ም እንዲሁ «የረጋ፣ የበረደ» ከሚል ቅጽል የመጣ፣ ያውም የብዙ ቁጥር ነው።) አንድ ቃል ስም ከሆነ በኋላ ደግሞ ሌላ ቅጽል ቢገልጸው ነውር የለውም፤ «ጠቆር ያለ ማኪያቶ» ትክክለኛ አማርኛ ነው። ወደ ድምፁ «ማክያቶ» ቢቀርብም፣ ሁሉም «ማኪያቶ» ብሎ የሚጽፈውን ማቃናት አስፈላጊ አይመስለኝም። ጣልያንኛ ሲናገሩ ግን ይለዩት፤ ሮም ላይ «ማክያቶ» ብለው ቢያዝዙ የሚቀርብልዎ፣ አዲስ አበባ ላይ በብርጭቆ የለመዱት ሳይሆን፣ በትንሽ ስኒ የተቀዳና ወተት ጠብ ያለበት ቡና ነው።