መርከቡ እስኪመጣ

ልጆቼ፣

ከእናንተ የሚደርሰኝ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ጋሼ፣ እዚህች ትንሽ ቦታ ተቀምጬ ምን እሆናለሁ?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ይገባኛል። እኔም በእናንተ ዕድሜ ጠይቄዋለሁ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን አንዲት ደሴት ላሳያችሁ።

ባንዳ ኒራ ትባላለች። ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ በማሉኩ ግዛት፣ ባንዳ ከሚባሉት ትናንሽ ደሴቶች አንዷ ናት። ከቁርስ በኋላ በእግር ብትነሱ ለምሳ ሳይደርስ ከጫፍ ጫፍ ትጨርሷታላችሁ። ፊት ለፊቷ ጉኑንግ አፒ የሚባል እሳተ ገሞራ ቆሟል። ትርጉሙ የእሳት ተራራ ነው።

እኔ የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በቡናና በቅመም ጥራት ምርመራ ነው። ወደ ባንዳም የወሰደኝ ገውዝ ነው። አዎ፣ መከለሻ ውስጥ የሚገባው ገውዝ። እናቴ ሁለት ሦስት ፍሬ በጨርቅ ቋጥራ ታስቀምጥ ነበር። ከየት እንደሚመጣ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ለብዙ መቶ ዓመታት፣ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስ፣ የዓለም ገውዝ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመጣው ከእነዚህ ጥቂት ደሴቶች ነበር።

ኒራ የደረስኩት የማሉኩ ዋና ከተማ ከሆነችው ከአምቦን ተነስቶ ሌሊቱን ሲጓዝ ባደረ ትልቅ መርከብ ነው። ወደቡ በሰው ተጨናንቆ ነበር። ሴቶች የተጠበሰ ዓሣና ከገውዝ ሥጋ የተሠራ ጣፋጭ ይሸጣሉ። ወጣቶች ሻንጣ ይዘው ተሰልፈዋል። አንድ ልጅ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አናገረኝ። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። «እዚህ ምንም የለም፣ ለምን መጣህ?» አለኝ። የተቀመጠው ገውዝ በሞላ ጆንያ ላይ ነበር። ያ ልጅ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። እኔን ራሴን ነው ያየሁት።

አልዋሻችሁም፣ ኑሮው ቀላል አይደለም። ባሕሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ይቆጣል። ያኔ ፈጣኗ ጀልባ ትቆማለች። ትልቁ መርከብም ቀኑን ጠብቆ ላይመጣ ይችላል። ሱቅ ውስጥ እንቁላል ይወደዳል፣ አትክልት ያልቃል። የታመመ ሰው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ለመሄድ የባሕሩን መልካም ፈቃድ ይጠብቃል። ስለዚህ ልሂድ የሚልን ወጣት ማንም ሊወቅሰው አይገባም። እኔም አልወቅስም።

ደግሞ ትንሽ ቦታ የሚደኸየው ትንሽ ስለሆነ ነው የሚላችሁን አትመኑ። ባንዳዎች ድሮ ራሳቸው ነጋዴዎች ነበሩ። ከጃቫ፣ ከማላይና ከዐረብ ነጋዴዎች ጋር ይገበያዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1621 ያን ፒተርስዞን ኩን የሚባለው የሆላንድ የንግድ ኩባንያ ገዥ ጦር ይዞ መጣ። ሽማግሌዎቻቸውን አንገታቸውን አስቀላ። ወደ 15 ሺህ ይጠጋ እንደነበር ከሚገመተው ሕዝብ በደሴቶቹ የቀረው አንድ ሺህ ገደማ ነው ይባላል። የቀረው ተገደለ፣ በረሃብ አለቀ፣ ተሰደደ፣ ወይም በባርነት ተጋዘ። መሬቱ ለአውሮፓውያን ተከፋፈለ፣ ከሌላ አገር ባሪያዎች መጡ። ሩን የምትባለዋ ጎረቤት ደሴት እ.ኤ.አ. በ1667 በሆላንድና በእንግሊዝ ውል ዛሬ ኒው ዮርክ ውስጥ ካለችው ከማንሃታን ጋር እንደተለወጠች ሁሉም ሰው ያወራል። እኔ ይህን ታሪክ ብዙም አልወደውም። ስለ መሬቱ ዋጋ ይነግረናል እንጂ ስለ ሰዎቹ አንድም ነገር አይነግረንም። በኋላ እንግሊዞች ችግኙን ወደ ሌሎች አገሮች ወሰዱት። ዛሬ በካሪቢያን ያለችው ግሬናዳ ገውዝን ባንዲራዋ ላይ አድርጋዋለች።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያየች ደሴት ላይ ወጣት ምን ተስፋ አለው? መልሱን ያገኘሁት አንዲት እናት ጓሮ ነው። «ኢቡ» እያልኩ ነበር የምጠራት። በእነሱ ቋንቋ እናት ወይም እመቤት ማለት ነው።

ገውዝ የሚያድገው ካናሪ በሚባል ግዙፍ ዛፍ ጥላ ስር ነው፣ ልክ የእኛ ቡና በዋንዛ ጥላ ስር እንደሚያድገው። ዛፉ ፍሬ ለመስጠት ሰባት ዓመት ገደማ ይፈጃል። እስኪያብብ ድረስ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። ፍሬው ሲበስል ቢጫ ሆኖ ይሰነጠቃል። ኢቡ ጋይ-ጋይ በሚሉት ረጅም ዘንግ ታወርደዋለች። ጫፉ ላይ ትንሽ ቅርጫት አለው። ስትከፍተው ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ መረብ ይታያል። እሱም ራሱን የቻለ ቅመም ነው፣ ከፍሬውም ይወደዳል። መረቡ ይገፈፋል፣ ከነቅርፊቱ ያለው ፍሬ ወንፊት በመሰለ አልጋ ላይ እንዲደርቅ ይሰጣል። አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ስድስት ሳምንት።

መድረቁን እንዴት እንደምታውቅ ጠየቅኳት። አንዱን አንስታ ጆሮዋ ስር አራገፈችው። ከዚያ እኔ ጆሮ ስር። ኳ ኳ አለ። ፍሬው ሲደርቅ ይሟሽሽና ከቅርፊቱ ይላቀቃል። ካልተንኳኳ አልደረቀም። እኔ ለዚህ ሥራ የእርጥበት መለኪያ ይዤ ነበር የሄድኩት። ለካሁት። ልክ ነበረች።

ችግሩ መርከቡ ነው። መርከብ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ነጋዴው ይዞራል። ብር የቸገረው ሰው ያልተንኳኳውንም ይሸጣል። እርጥብ ገውዝ ጆንያ ውስጥ ይሻግታል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ደንብ ከኢንዶኔዥያ ለሚገባ ገውዝ የጤና ሰርተፍኬትና የላቦራቶሪ ውጤት የጠየቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ዛፉ ሰባት ዓመት የተጠበቀለት ምርት በመጨረሻዋ ሰዓት ጥድፊያ ገበያ ያጣል። ይህን በቡናም ስንት ጊዜ አይቻለሁ! አንጀቴን ያቃጥለኛል።

አያችሁ፣ የኒራ ወጣቶች ሥራ ያለው እዚህ ጋ ነው። ዝናብ የማይነካው ማድረቂያ መሥራት፣ ምርቱን በደረጃ መለየት፣ ከአምስት ቤት ሰብስቦ በጋራ መሸጥ፣ የተጣለውን የፍሬ ሥጋ ማርማላታ ማድረግ። አንዳንዶቹ ጀምረውታል። ሌሎቹ ባሕሩ ላይ ይሠራሉ። እሳተ ገሞራው እ.ኤ.አ. በ1988 ፈንድቶ ቅልጡ ድንጋይ ባሕር ገብቶ ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ እዚያው ላይ ኮራል የሚባለው የባሕር ውስጥ ሕይወት ለምልሞ ሳይንቲስቶችን አስደነቀ። ዛሬ ጠላቂ ቱሪስቶች እሱን ሊያዩ ይመጣሉ። ጥሩ ገቢ ነው። ግን ባሕሩ ሲረጋ ብቻ ስለሆነ ብቻውን አይበቃም።

ስለ መጠበቅ ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። የሆላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1936 ለኢንዶኔዥያ ነፃነት ይታገሉ የነበሩትን መሐመድ ሃታንና ሱታን ሻህሪርን ወደ ኒራ አጋዛቸው። እስከ 1942 ድረስ እዚያው ቆዩ። ሃታ ብዙ ሣጥን መጽሐፍ ይዞ ነበር። ሁለቱም የሠፈሩን ልጆች ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። በኋላ ሃታ የኢንዶኔዥያ የመጀመሪያው ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ሻህሪር የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ካስተማሯቸው ልጆች አንዱ ዴስ አልዊ ነው። ከደሴቷ ወጣ፣ ዲፕሎማትና ፊልም ሠሪ ሆነ። ከዚያ ተመልሶ ሆቴል ከፈተ፣ ያረጁ ቤቶችን አሳደሰ፣ እስኪሞት ድረስ ስለ ባንዳ ተናገረ። ከትንሽ ቦታ መውጣት ክህደት አይደለም። ዴስ አልዊ ባይወጣ ኖሮ ይዞት የሚመለስ ነገር አይኖረውም ነበር።

እኔ የተወለድኩት ከቦንጋ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። ከቤታችን ጀርባ ኮረሪማ ነበር። አባቴ እየለቀመ እሳት ዳር ሲያደርቀው ጭሱ ያናድደኝ ነበር። በ18 ዓመቴ ጥዬ ስወጣ ስለ ኮረሪማ አንድም ነገር አልጠየቅኩትም። ከሃያ ዓመት በኋላ ዋጋውን የነገረኝ አንድ የውጭ ገዢ ነው። አባቴ ያኔ በሕይወት አልነበረም። እንዴት እንደሚያደርቀው የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። አባታችሁ፣ እናታችሁ፣ ጎረቤታችሁ በእጃቸው የሚያውቁትን ነገር በደብተር ጻፉት። መቼ ይለቀማል፣ እንዴት ይደርቃል፣ ማን ይገዛዋል፣ ከዚያ ወዴት ይሄዳል። ከተማ ገብታችሁ ሌላ ሙያ ብትማሩም ያ ደብተር አብሯችሁ ይሂድ።

ከኒራ የወጣሁ ቀን የኢቡ ልጅ ወደብ ድረስ ሸኘችኝ። መምህርነት ትማራለች። «ለወንድሜ» ብላ አንድ ገውዝ ከኪሷ አወጣች። ጆሮዬ ስር አራገፈችው። ድምፅ የለውም። እንደገና አራገፈችው። ጭንቅላቷን ነቀነቀችና መልሳ ኪሷ ከተተችው። «ገና ነው» አለች። መርከቡ ጡሩንባውን ነፋ።