ሴስና 172 ስታርፍ ከነጠረችብህ

ሴስና 172 የምትባለውን ትንሽ አውሮፕላን ስታሳርፍ ሦስት ጊዜ ነጠረችብኝ ብለሃል። ስትነጥር አፍንጫዋን ወደ ታች አትጫን። እየደጋገመች ያስቸገረችህ በዚህ ነው። ስትጫናት የፊት ጎማው ቀድሞ መሬት ይመታል፣ ከዚያ ተረኛው ፕሮፔለሩ ነው።

1. ትንሽ ከነጠረች መሪውን ባለበት ያዝ፣ ፓወር (የሞተሩን ጉልበት) ጨመር አድርግና ቀስ ብለህ አሳርፋት።
2. ከፍ ካለች ወይም ከደገመች አትታገላት። ሙሉ ፓወር ስጥ፣ ፍላፑን (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋውን ክፍል) ወደ 20 ዲግሪ መልስ፣ በ60 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) ወደ ላይ ውጣ።

ብዙ ጊዜ መነሻው የበዛ ፍጥነት ነው። ለማረፍ ስትቀርብ ሙሉ ፍላፕ ዘርግተህ ከ60 እስከ 70 ኖት ይበቃሃል።

እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ሙሉ ፓወር ስሰጥ አፍንጫዋ ሽቅብ ተነሳችብኝ፤ ትሪሙ (መሪውን ሳትይዝ አፍንጫዋን ባለችበት የሚያቆየው ማስተካከያ) ለማረፊያ እንደተስተካከለ ነበር። መሪውን ገፍቼ በጉልበት ነው የያዝኳት። ስለዚህ ፓወር ስትሰጥ እጅህ አስቀድሞ ይዘጋጅ፣ ቀኝ እግርህም አፍንጫዋን ግራና ቀኝ በሚያዞረው ፔዳል ላይ ይሁን።