ሣር ማጨጃው አልነሳ ሲል፦ ለአንባብያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰኔ ገብቶ ሣሩ ሽቅብ መዘርጋት ሲጀምር ከአዲስ አበባ ዙሪያ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ከጥቅምት ጀምሮ ሸራ ለብሶ የቆመው፣ ላዩ ላይ ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ አልነሳ ብሏል። መለዋወጫ ፍለጋ ወደ ሶማሌ ተራ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ ቁልፉን ስታዞሩ የምትሰሙትን በደንብ አድምጡ። ብልሽቱ ያለበትን ቦታ ከሁሉ ቀድሞ የሚናገረው ድምፁ ነው።

ከሱሉልታ፦ የትምህርት ቤት ግቢ ሠራተኛ ነኝ። ቁልፉን ሳዞር ማሽኑ ምንም ድምፅ አያሰማም። ባትሪው ሞቷል ተብዬ አዲስ አስገዛሁ፤ ለውጥ የለም።

ወንድሜ፣ ለባትሪው የወጣው ገንዘብ አንገብግቦኛል። ማሽኑ ጭራሽ ዝም ካለ እኔ በቅድሚያ የምጠረጥረው የደኅንነት ማብሪያዎቹን ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ከመቀመጫው ሥር፣ አንዱ ከፍሬኑ ፔዳል አጠገብ፣ ሌላው ስለቱን ከሚያስነሳው እጀታ ጋር ይገኛል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካልተገናኘ ኤሌክትሪኩ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ዘንድ አይደርስም። ስለዚህ ተደላድለው ይቀመጡ፤ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ይርገጡ፤ የስለቱ እጀታ ወደ ማጥፊያው መመለሱን ያረጋግጡና ቁልፉን ያዙሩ። አሁንም ዝም ካለ ፊውዙን አውጥተው ወደ ብርሃን ያዙት፤ ውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ተበጥሳ ከሆነ ይታያል።

መቀመጫውንም ገልብጠው ማየት አይርሱ። ባለፈው ክረምት እንዲሁ ዝም ያለ ማሽን እንዳይ ተጠርቼ ሄድኩ። መቀመጫውን ሳነሳ አይጥ በደረቅ ሣርና በላስቲክ ብጥስጣሽ ጎጆዋን ሠርታበታለች፤ ወደ ማብሪያው የሚሄደውን ሽቦ ልባሱን ግጣ መዳቡን አውጥታዋለች። ሽቦው ተቀጥሎ በፕላስተር ሲጠቀለል ማሽኑ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ። በጋውን ሙሉ የእህል መጋዘን አጠገብ ለሚቆም ማሽን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከለገጣፎ፦ “ቀጭ ቀጭ ቀጭ” ይላል እንጂ አይዞርም።

ይኼኛው የባትሪ ነገር ነው። በደንብ የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ወደ 12 ከወረደ ባዶ ሆኗል ማለት ነው። ከመሙላትዎ በፊት ግን የባትሪውን ራሶች ይዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዛቸው ሽቦዎቹን ይንቀሉ፤ ቀድሞ የሚነቀለው ኔጌቲቩ ነው። ከዚያ በብሩሽ ፈግፍገው አጥብቀው ይሰሯቸው። ከመኪና ባትሪ ለማስነሳት ከፈለጉ የመኪናው ሞተር ጠፍቶ ይሁን። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ይያያዝ፤ የመጨረሻው የኔጌቲቭ ጫፍ ከባትሪው ራቅ ብሎ የማጨጃውን ብረት ይንከስ።

ከሰበታ፦ ሞተሪኖው በደንብ ያዞረዋል፤ ግን አይነሳም። ታንከሩ ውስጥ የአምናው ቤንዚን አለ።

መልሱን ራስዎ ጽፈውልኛል። ቤንዚን በጥቂት ወራት ውስጥ ያረጃል። ቀላሉ ክፍል ይተንና ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ውስጥ ሙጫ መሰል ነገር ይቀራል፤ ይህም እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበቡትን መተላለፊያዎች ይደፍናል። ታንከሩን ክፍት ቦታ ላይ፣ ከእሳት ርቀው ወደ ጀሪካን ያራግፉና ያሽትቱ፤ እንደ ቀለም ከሸተተ መልሰው አይጨምሩት።

አዲስ ቤንዚን ሞልተው ጥቂት ካስዞሩ በኋላ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ይፍቱ። ደረቅ ከሆነ ቤንዚኑ አልደረሰም፤ ፊልትሮውንና ካርቡራተሩን ማጽዳት ነው። እርጥብ ከሆነ ቤንዚኑ ደርሷል፤ የጎደለው ብልጭታ ነው፣ ወይም ሞተሩ ከመጠን በላይ ቤንዚን ጠጥቷል። ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነው በእኛ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለማስነሻ የአየር መግቢያውን የሚያጠብበው ቾክ ሲበዛ ሞተሩ ቶሎ ይታፈናል። ካንዴላውን አድርቀው፣ ቾኩን መልሰው ይሞክሩ። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ከተደፈነም ውጤቱ ያው መታፈን ነው።

ከሰንዳፋ፦ መካኒኩ ከመቀመጫው ሥር ያሉትን ሁለት ሽቦዎች አገናኝቶ አስነሳልን። እንዲሁ ብንተወው ምን ችግር አለው?

እባክዎ፣ ዛሬውኑ ያስመልሱት። ያ ማብሪያ ነጂው ከመቀመጫው ሲነሳ ወይም ሲወድቅ ሞተሩንና ስለቱን የሚያቆም ነው። የስለቱ ጫፍ በሰከንድ ከ80 ሜትር በላይ ሊሮጥ ይችላል። ግቢዎ ተዳፋት እንዳለው፣ ልጆችም እንደሚጫወቱበት ጽፈውልኛል። ማሽኑ በዝናብ በራሰ ሣር ላይ ተንሸራትቶ ነጂው ቢወድቅ፣ ስለቱ እየዞረ ይቀጥላል። መካኒኩ ሽቦዎቹን ለሙከራ አገናኝቶ ጥፋቱ ማብሪያው ላይ መሆኑን ማወቁ ደግ ነው፤ ሥራው ግን እዚያ ላይ አላለቀም። አዲስ ማብሪያ እስኪገኝ ሣሩ ይደግ፤ ወይም በማጭድ ይታጨድ።

ከሆለታ፦ ዘንድሮ ከክረምቱ በኋላ እንዴት ላስቀምጠው?

ታንከሩን ያራግፉ፤ ከዚያ ሞተሩን አስነስተው የቀረው ቤንዚን አልቆ ራሱ እስኪጠፋ ይተዉት። ከስለቱ ሥር የተጋገረውን ሣር የካንዴላውን ሽቦ ነቅለው ይፋቁ። ባትሪውን አውጥተው ደረቅ ቦታ ያኑሩት፤ በየወሩም ይሙሉት።