መልስ፦ የጃንሆይ መኝታ ቤት ስድስት ኪሎ አለልህ

ወንድሜ፣ የአሜሪካው ፕሬዝዳንት የሊንደን ጆንሰን የቴክሳስ እርሻ ቤት ተጠብቆ እንደቆየ ጠቅሰህ፣ «እኛስ መሪ የኖረበትን ክፍል የምናይበት ቦታ መሃል አዲስ አበባ አለን?» ብለህ ጠይቀሃል። አለን እንጂ! ስድስት ኪሎ ሂድ።

ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ድሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ጃንሆይ ኖረውበታል። እርሻ ምናምን የለውም፤ ግን የፈለግኸው እዚያ አለ። ፎቁ ላይ መኝታ ቤታቸው፣ መታጠቢያቸውና መልበሻ ክፍላቸው ተጠብቀው ይታያሉ። መስታወቱን ሳታይ እንዳትወጣ። ጥይት በስቶታል፤ የ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር፣ የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ፣ ምልክት ነው። ያኔ ጃንሆይ ብራዚል ነበሩ። የታገቱት ባለሥልጣናት የተረሸኑት እዚሁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ብሆን እዚያ ቤት እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ደጁ ላይ ደግሞ ተጠምዝዞ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ግን የትም የማያደርስ ደረጃ ታያለህ። ጣሊያኖች ለእያንዳንዱ የፋሺስት ሥልጣን ዓመት አንድ ደረጃ እያሉ የሠሩት ነው። አሁን ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ጉብ ብሎበታል። ከማፍረስ ይልቅ ይሄ ይበልጥ አንጀት ያርሳል!

አንድነት ፓርክም ከ2012 ጀምሮ ክፍት ነው። የምኒልክን ግቢ ለማየት እሱ ጥሩ ነው። ሰው ተኝቶ የተነሣበትን ክፍል ከሆነ የፈለግኸው ግን ስድስት ኪሎ ይሻልሃል። መታወቂያ ያዝ፣ በሩ ላይ ፍተሻ አለ።