ወንዙ አፍ ላይ መረብ ቢጣል ምን ይጎዳል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በነሐሴ ከጓደኞቼ ጋር በጀልባ ጉማራ ወንዝ ጣና የሚገባበት ድረስ ሄደን ነበር። የወፉ ብዛት ጉድ ነው! መሀል ሐይቁ ላይ ግን እንዲህ አላየሁም። ባለጀልባው ደግሞ «በክረምት እዚህ አፉ ላይ መረብ መጣል ጥፋት ነው» አለን። ሐይቁ ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ እዚያች ጥግ ላይ ቢጠመድ ምን ይጎዳል? ቅጠል ላይ የምትራመደው፣ ግንባሯ ሰማያዊ የሆነችው ወፍስ ማን ናት?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ልጄ፣ ከወፏ ልጀምር። ጃካና ትባላለች። ጣቶቿ በጣም ረጃጅም ስለሆኑ ክብደቷ ይበተናል፤ ቅጠሉም ይሸከማታል። እንቁላሉን የሚታቀፈውም ጫጩት የሚያሳድገውም ወንዱ ነው። አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን ክንፉ ሥር ሸጉጦ ይሄዳል። ከጎኑ ተንጠልጥለው የምታዪአቸው ቀጫጭን እግሮች የልጆቹ ናቸው። እኔ ይህን ሳይ ዛሬም ይገርመኛል።

ወንዙ ሐይቁ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንስና የተሸከመውን አፈር ይጥላል። ውሃው ጥልቀት የለውም፤ ደንገሉ እዚያ ይበቅላል። ደንገሉ ሥር ቀንድ አውጣው፣ ነፍሳቱ፣ ትንንሹ ዓሣ ይርመሰመሳል። ወፉም አርጃኖውም እሱን ፍለጋ ነው የሚመጣው።

ዋናው ጉዳይ ግን መረቡ ነው። ጣና ውስጥ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። ከታችኛው ዓባይ ዓሣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ለይቷቸዋል። ግማሽ ያህሉ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጠጠር ላይ፣ በሚፈስ ጥሩ ውሃ ውስጥ ነው። ለመውጣት ደግሞ በወንዙ አፍ ማለፍ ግድ ነው። ሐይቁን ሙሉ ተበትኖ የከረመው ዓሣ በዚያ ሰሞን አንዲት ጠባብ በር ላይ ይሰበሰባል። ያኔ መረብ የያዛትን ሴት ዓሣ ሆዷን ጫን ብትያት እንቁላሉ ይፈሳል። የተያዘው የከርሞው ዓሣ ጭምር ነው።

ዓሣ አጥማጁ ይራብ ማለቴ አይደለም። ቆሮሶ የሚባለው ሌላው የጣና ዓሣ ለመራባት ወንዝ አይወጣም። በእነዚያ ወራት መረቡን ከአፉ አርቆ ቆሮሶ ቢያጠምድ ለእሱም ለዓሣውም ይበጃል።

ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ተፈጥሮው ከሰው ኑሮ ጋር አብሮ የሚጠበቅበት ቦታ ብሎ መዝግቦታል። ደስ ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በክረምት እያንዳንዱ ወንዝ አፍ ላይ ቆሞ ዓሣውን የሚጠብቅለት ሰው መኖር አለመኖሩ ነው። ደንገሉ ለእርሻ እየተመነጠረ፣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ እየተስፋፋ፣ ዓሣው መጠጊያው እየጠበበው ነው።

በታኅሣሥ ተመለሺ፤ ከሰሜን አገር ክረምቱን ሸሽተው የሚመጡትን ክሬን የሚባሉ ረጃጅም ወፎች ታያለሽ። ባለጀልባውን ደንገሉ ጋ ሳትደርሱ ሞተር እንዲያጠፋ ንገሪው። ጉማሬ ካያችሁ ደግሞ በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከል አትግቡ።