ስቲመር ካውያን ይተካል? ከቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶች የመጣ ጥያቄና መልስ

ላውንድሪ ውስጥ እንደምሠራ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የእጅ ስቲመር፣ ማለትም የልብስን ጭምድድ በእንፋሎት የሚያስተካክለው ዕቃ፣ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከበዛ ወዲህ ጥያቄው ሁሉ ወደ እኔ መጣ። ደረጃ ላይ ቆሜ ከምመልስ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ስቲመር ገዛችልኝ። ካውያዬን ለጎረቤት ልስጠው?

ኧረ እትዬ፣ እንዳይሰጡት! ጨርቅ የሚተኮሰው በሙቀት፣ በእርጥበትና በክብደት ነው። ስቲመር ሁለቱን ይሰጣል፣ ክብደት ግን የለውም። ጥጥ ሸሚዝ ላይ ኮሌታውና እጅጌው ቀጥ እንዲል ከፈለጉ ካውያ የግድ ነው። ካውያ ለጥጥ እስከ 200 ዲግሪ ይደርሳል። ውሃ ደግሞ እኛ ባለንበት ከፍታ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 93 አካባቢ ላይ ይፈላል። ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ስቲመር ሲያሞግስ ሰምተው የኛ ቢለግም አይገረሙ። ቀስ ብለው ጨርቁን በእጅ ወጠር እያደረጉ ይሥሩ።

ጥያቄ፦ እህቴ ከአሜሪካ ላከችልኝ። ሶኬቱ አልገባ አለኝ። አዳፕተር ልግዛ?

ቆይ! አዳፕተር የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። እጀታው ላይ ወይም ከሥሩ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቢ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ሰላም ነው። ለጉዞ የተሠሩ አንዳንዶቹ ትንሽ መቀየሪያ አላቸው፣ ወደ 220 አዙሪው። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን እንዳትሰኪው። የእኛ መብራት 220 ነው። ማሞቂያው ከተሠራለት ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስብና ይቃጠላል። ትራንስፎርመር መግዛት ይቻላል፣ ግን ለ1,200 ዋት ስቲመር ቢያንስ 1,500 የሚችል ያስፈልጋል። ከባድም ውድም ነው። እኔ ብሆን እህቴን አመስግኜ ዕቃውን አስቀምጬ እዚሁ ባለ 220 እገዛለሁ።

ጥያቄ፦ ስቲመሬ ልብሱ ላይ ውሃ ይተፋል። ተበላሽቷል?

ብዙ ጊዜ አልተበላሸም። ሳይሞቅ ቸኩለሽ ይሆናል። መጀመሪያ ወደ መታጠቢያው አዙረሽ ጥቂት አስተፊው። ከምልክቱ በላይ ውሃ አትሙይ፣ አግድም አታጋድሚው። እነዚህን አስተካክለሽ አሁንም የሚተፋ ከሆነ ውስጡ ድንጋይ ይዟል።

ጥያቄ፦ ድንጋዩ ከየት መጣ? ምን ውሃ ልጠቀም?

ይህ የእኛ አካባቢ ዋና ጣጣ ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣ ውሃ ከለገዳዲ ግድብ ከሚመጣው ይልቅ ማዕድን ይበዛዋል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ያለውን ነጭ ቅርፊት እዩ፣ ስቲመሩም ውስጥ ያው ነው። ቀዳዳዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ቶሎ ይደፈናሉ። ውሃውን አፍልታችሁ አቀዝቅዙና ዝቃጩን ትታችሁ ከላይ ያለውን ቅዱ። ድንጋዩን ሙሉ በሙሉ ባያስቀረውም ይቀንሰዋል። የታሸገ ውሃም ማዕድን አለው፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ድንጋይ ከያዘ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅሎ ማሞቅ፣ ነቅሎ ግማሽ ሰዓት መተው፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ ነው። መጀመሪያ ግን መመሪያው አቼቶ እንደማይከለክል እዩ።

ማዕድን የለውም ብላችሁ ከመለዋወጫ ሱቅ የመኪና ባትሪ ውሃ እንግዛ ያላችሁኝም አላችሁ። ለባትሪ የሚሸጥ አሲድም ስላለ እኔ አልመክርም። ሽቶና የልብስ ማለስለሻም ውስጡ አይገባም።

ጥያቄ፦ የሐበሻ ቀሚስስ?

ስቲመር ከሚያኮራባቸው አንዱ ነው። ጥለቱና ጥበቡ ላይ የሚያብረቀርቅ ክር ካለ ትኩስ ካውያ ሊያቀልጠው ይችላል። ቀሚሱን ገልብጠሽ ስቀዪ፣ እንፋሎቱን ከጀርባ በኩል ስጪው፣ ጥልፉን አትንኪው። ሸማው ጥጥ ስለሆነ ከላውንድሪ እንደወጣ ልብስ ቀጥ አይልም፣ ግን መጨማደዱ ይለቃል። ነጠላ ደግሞ ስስ ስለሆነ ወዲያው ይታዘዛል። በሙጫ የተለጠፈ ጨሌ ወይም ድንጋይ ካለው ግን እንፋሎት ሙጫውን ያላላዋል፣ ተጠንቀቂ።

ጥያቄ፦ የሠርግ ሱፍ አለኝ፣ ለጥር ይፈለጋል።

ወንድሜ፣ ስቲመር የተፈጠረው ለሱፍ ነው ብል አላጋነንኩም። ካውያ በቀጥታ ሲያርፍበት ያብለጨልጨዋል። ኪሱን ባዶ አድርግና ኮቱን ወፍራም መስቀያ ላይ ስቀል። ትንሽ ራቅ አድርገህ ከላይ ወደ ታች ውረድ። የሱሪውን መስመር ግን ስቲመር አያወጣልህም፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሰህ በካውያ ተኩሰው። ከጨረስክ በኋላ እርጥበቱ እስኪወጣ ሳትለብስ ቆይ።

ጥያቄ፦ ለብሼው ብተኩሰውስ? ስቸኩል ይመቸኛል።

በፍጹም። እንፋሎት ቆዳ ላይ ሲያርፍ የፈላ ውሃ ከሚያቃጥለው ብሶ ሊያቃጥል ይችላል። ልጆችም አጠገብ አይሁኑ።

ጥያቄ፦ ማታ ምጣድ ላይ ሆኜ ጎን ለጎን ብጠቀምስ?

ምጣዱ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። ስቲመሩ ሌላ 1,500 ሲጨምርበት ብሬከሩ ሊወርድ፣ እንጀራውም መሃል ላይ ሊቀር ይችላል። በቀጭን ኤክስቴንሽንም አትሰኪው፣ ግድግዳው ላይ ይሁን።

ጥያቄ፦ የቦንዳ ልብስ ሽታና ትኋን ያጠፋል?

ሽታውን ያቀለዋል እንጂ እጥበት አይተካም። ትኋንም እንቁላሉም በ50 ዲግሪ አካባቢ ይሞታሉ፣ ስለዚህ እንፋሎቱ በደንብ ያገኘው ይሞታል። ስፌት ውስጥ የተደበቀው ግን ሊተርፍ ይችላል። በኃይል ከነፋሽበት ደግሞ ሳይሞት ወዲያ ይበተናል። ቦንዳውን በሙቅ ውሃ እጠቢ።

ጥያቄ፦ የልጆች ዩኒፎርም?

ብዙው ፖሊስተር የተቀላቀለበት ነው፣ በስቲመር ቶሎ ይስተካከላል። ኮሌታውን ብቻ በካውያ ነካ አድርጉት። ሰኞ ጠዋት መብራት ይኖራል ብላችሁ አትጠብቁ፣ እሑድ ከሰዓት የሳምንቱን ጨርሱት።