ያረጀች ድመት ሆድ ላይ እብጠት ሲወጣ

አብሽሪ እህቴ። ከኮምቦልቻ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። የ12 ዓመት ድመትሽ ሆድ ላይ፣ ጡቷ አጠገብ፣ ሁለት ጠጣር እብጠት አግኝተሻል። አንዱ ከረመዳን ወዲህ አድጓል። እሷ ግን ትበላለች፣ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ስትነኪያትም አታማርርም። ጎረቤትሽ እትዬ በትኩስ ብረት ይተኮስላት ብለውሻል፤ ሌላው ደግሞ እርጅና ነው፣ ተያት ብሎሻል። አንቺም ልንካው ወይስ ልተወው ብለሽ ጠየቅሽ።

እኔ ደሴ ነው ያለሁት። ቤታችን ከድመት ተለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱን በእርጅናቸው እብጠት ወጥቶባቸው አስታምሜያለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የምነግርሽ ካስታመምኳቸው ያየሁትንና ከሐኪሞች ጠይቄ የተረዳሁትን ነው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል፦ እብጠትን በእጁ ዳስሶ ብቻ "ይሄ ካንሰር ነው" ወይም "ይሄ ምንም አይደለም" የሚልሽን ሰው አትመኚ። ምንነቱ የሚለየው በመርፌ ተስቦ ወይም ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ይህ ደግሞ እብጠቱ ትንሽ ሳለ ይደረግ።

ዳልቻ የምንለው ወንድ ድመት ነበረን። አንድ ክረምት ጉንጩ ሥር እብጥ አለ። ቤት የገባ ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠ "ነቀርሳ ነው፣ አለቀለት" ይል ነበር። ሐኪሙ ቀጭን መርፌ አስገብቶ ሲስብ የወጣው መግል ነው። ሌላ ድመት ነክሶት ቁስሉ ላዩ ደርቆ ውስጡ አመርቅዞ ኖሯል። ተከፍቶ ታጠበ፣ አንቲባዮቲክ ተሰጠው፣ ዳነ። እንዲህ ያለው በጥቂት ቀን ውስጥ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ሲነካ ያማል፣ ብዙ ጊዜም ድመቷ ትኩሳት ይዟት ምግብ ትተዋለች። ያንቺዋ እብጠት ግን ጠጣር ነው፣ አይሞቅም፣ አያማትም፣ ቀስ እያለ ያድጋል። አለማመሙ ብዙ ሰው ያጽናናል። እኔን ግን ቶሎ ሂጂ የሚያሰኘኝ እሱ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳሽ። ድመት ብዙውን ጊዜ በግራ አራት በቀኝ አራት፣ ስምንት ጡት አላት። የጡቱ ሥጋ ከብብቷ ጀምሮ እስከ ብሽሽቷ በሁለት መስመር ይወርዳል፤ ስለዚህ ከጡት ጫፍ ራቅ ብሎ የወጣ እብጠትም የጡት ሊሆን ይችላል። በድመት ላይ ከሚወጡት የጡት ዕጢዎች ከ10 ውስጥ 8 ወይም 9 ያህሉ ክፉው ዓይነት ናቸው፤ ወደ ንፍፊትና ወደ ሳንባ ይዛመታሉ። "ውሻዬ እንዲሁ ነበራት፣ ምንም አልሆነች" ያለሽ ሰው አልዋሸሽም። በውሻ ላይ ክፉው ግማሽ ያህሉ ነው። የውሻውን ይዞ ለድመት መፍረድ ግን አይሆንም። መጠኑም ትልቅ ነገር ነው። ከ2 ሳንቲሜትር ሳያልፍ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ድመት ብዙ ጊዜ ዓመታት ትኖራለች። ከ3 ሳንቲሜትር ካለፈ በኋላ ግን ቀሪው ዕድሜ በአብዛኛው በወራት የሚቆጠር ነው። ቶሎ ሂጂ የምልሽ ለዚህ ነው።

ይህን ስልሽ ግን ያንቺዋ ካንሰር ነው ማለቴ አይደለም። ጡት አጠገብ ሌላም ነገር ይወጣል። ያረጀች ድመት ከኋላ እግሯ መሀል ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ለስላሳ ቆዳና ስብ አላት፤ እሱ ተፈጥሮዋ ነው፣ በሽታ አይደለም። እምብርቷ ላይ ለስላሳ ሆኖ ሲጫኑት ወደ ውስጥ የሚመለስ ከሆነ ሄርኒያ፣ ማለትም በሆድ ግድግዳ ቀዳዳ ሾልኮ የወጣ ስብ ወይም አንጀት፣ ሊሆን ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወይም ሌላ መርፌ ከተወጋች በኋላ እዚያው ቦታ የወጣም ከሆነ አስቢበት። ሐኪሞች ለመርፌ ቦታ እብጠት የሚጠቀሙበት መለኪያ አለ፦ ከተወጋች 3 ወር አልፎም ካልጠፋ፣ ከ2 ሳንቲሜትር ከበለጠ፣ ወይም ከ1 ወር በኋላም እያደገ ከሆነ ናሙና ይወሰድ ይላሉ። ሌላው፣ እንዳትወልድ ብሎ የሴቶችን የወሊድ መከላከያ ክኒን ወይም መርፌ ለድመት የሚሰጥ ሰው አለ። ሆርሞኑ ጡቷን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ክፉኛ ሊያሳብጠው ይችላል፣ የካንሰሩንም ዕድል ይጨምራል። ሰጥተሽ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው፤ ሕክምናውን ይለውጠዋል።

እትዬ ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። በእኛ አገር ለከብቱም ለሰውም ብረት ሲጋል ኖሯል። ነገር ግን ብረቱ የሚያቃጥለው ቆዳውን ነው፤ ዕጢው ከሥር ማደጉን ይቀጥላል፣ ላዩ ላይ ደግሞ የማይድን ቁስል ይጨመርበታል። ሄርኒያ ከሆነ ከሥሩ ያለው አንጀት ሊሆን ይችላል፤ አስቢው። የእኛ ሰፈር አንዲት ድመት ተተኩሳ ቁስሉ ዝንብ አርፎበት ትል አፍርቶ አይቻለሁ፤ ኮምቦልቻ ሙቀቱ ከደሴ ይብሳልና ያንቺን የበለጠ እፈራለሁ። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ደቁሶ መለጠፉንም ተዪው። ቆዳዋን ይልጠዋል፣ ድመት ደግሞ የተቀባችውን ሁሉ ትልሳለች፤ ሽንኩርት፣ ነጩም ቀዩም፣ የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። በዚሁ አጋጣሚ የወጥ ትርፍ መስጠት ካለ ይቁም። ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራምና።

መድኃኒትን በሚመለከት አጥብቄ ነው የምነግርሽ። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ አንድ የሰው ክኒን ልትገድላት ትችላለች። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ኩላሊቷንና ጨጓራዋን ይጎዳሉ። ለከብት መዥገር የሚረጨውንም ለቁንጫዋ ብለሽ አትቀቢያት።

አሁን ከዛሬ ጀምሮ ቤት ውስጥ የምታደርጊውን ልንገርሽ። ተኝታ ስትዝናና በጣቶችሽ ከብብቷ እስከ ብሽሽቷ በሁለቱም መስመር ቀስ ብለሽ ዳብሺ። ያገኘሽውን በማስመሪያ ለኪ፣ ቀኑንና ቦታውን ወረቀት ላይ ጻፊ። በየሳምንቱ ድገሚው፤ በየቀኑ መነካካት ግን እሷንም ያስመርራል፣ አንቺንም እንቅልፍ ይነሳሻል። አትጭመቂው። ክብደቷንም ያዢ፤ የሱቅ ሚዛን ላይ በካርቶን አስቀምጠሽ ካርቶኑን መቀነስ ነው። ትበላለች ብለሽ የምታስቢያት ድመት እየከሳች ከሆነ የሚነግርሽ ሚዛኑ ነው። ድፍን እንቅልፍ ሲወስዳት የደረቷን ትንፋሽ ቁጠሪ። በደቂቃ ከ30 በታች ደህና ነው፤ ተደጋግሞ ከዚያ ካለፈ ወይም አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሐኪም ጋ ውሰጃት።

የት ለሚለው፣ የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒኮቻችን በብዛት የተቋቋሙት ለከብት፣ ለበግና ለፍየል ነው። ድመት ይዘሽ ስትገቢ የሚገረም ሰው ልታገኚ ትችያለሽ፤ እፍረት አይያዝሽ። አስቀድመሽ ደውለሽ ወይም ሰው ልከሽ "ድመትና ውሻ የሚያክም፣ ከእብጠት በመርፌ ናሙና የሚወስድ ማን አለ?" ብለሽ ጠይቂ። ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፤ እዚያ የሚያስተምሩትን መጠየቅ ጥሩ መነሻ ነው። ነገሩ ከዚህ ካለፈ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። መንገዱ ለአሮጊት ድመት ረጅም ነውና በመጀመሪያ እዚሁ ያለው ይሞከር። ናሙናው በቀጭን መርፌ ሲወሰድ ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ እንኳ አያስፈልገውም። የጡት ዕጢ ከሆነ መርፌው ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ የተቆረጠው ሥጋ ተመርምሮ ነው ቁርጡ የሚታወቀው።

ሉሊት የምላት ድመቴ ጡቷ ሥር የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጠጣር ነገር ተገኘባት። ያኔ ያንቺዋን ዕድሜ ልትሆን ምንም አልቀራትም ነበር። ብዙ ሰው "አሮጊት ድመት ማደንዘዣ አትችልም" አለኝ። ሐኪሙ ግን ዕድሜዋን ሳይሆን ልቧን አዳመጠ፣ ኩላሊቷን በደም አስመረመረ፣ ሳንባዋን በራጅ አየ፤ ደህና ሆነው ሲያገኛቸው ቀዶ ሕክምናውን አደረገ። ያወጣው እብጠቷን ብቻ አልነበረም፤ በዚያ ጎን ያለውን የጡት መስመር በሙሉ ነው። ለምን ይህን ያህል ሰፊ ስለው፣ በድመት በሽታው በመስመሩ ስለሚሄድ እብጠቱን ብቻ መልቀም ብዙ ጊዜ ተመልሶ መምጣቱን ስለሚያመጣ ነው አለኝ። ቁስሉ እስኪድን እንዳትልሰው ከአሮጌ የልጅ ካናቴራ ሰደርያ ሰፋሁላት። መጀመሪያ ተጠየፈችው፣ ኋላ ለምዳው ተኛችበት። ከአንድ ዓመት በላይ ዛፍ እየወጣች፣ ከቡናው ጀበና አጠገብ እየተጋደመች ኖረች።

ከዚያ በሌላው ጎን ወጣባት። በዚህ ጊዜ ኩላሊቷ ደክሟል፣ ውኃ አብዝታ ትጠጣለች፣ ከስታለች፣ ትንፋሿም ፈጥኗል። ይኸው ሐኪም፣ ያንጊዜ "ቶሎ እናውጣው" ያለው፣ አሁን "አንንካት" አለ። እኔም ተስማማሁ። አንዷን ድመት አንድ ጊዜ ቢላ አዳናት፣ ሌላ ጊዜ ቢላው ይገድላት ነበር። ስለዚህ ይቆረጥ ወይስ ይቅር የሚለውን ዛሬ በሐሳብሽ አትወስኚው። የእብጠቱን መጠን፣ የሳንባዋን፣ የኩላሊቷንና የክብደቷን ሁኔታ ሳታውቂ የሚወሰን አይደለም።

መተው ማለት ደግሞ መጣል አይደለም። ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ እኔን ያደከመኝ ያ ማስታመም ነበር፤ ያልቆጨኝም እሱ ነው። ዕጢው ሲያድግ ቆዳው ይፈነዳል። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ጨው በጥብጬ፣ ለአንድ ሊትር ሁለት ትንሽ የሻይ ማንኪያ ያልሞላ ያህል፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠዋትና ማታ እጠርግላት ነበር። አልኮልም በረኪናም አላስነካሁም። ዝንብ እንዳያርፍባት ሰደርያው ተመለሰ፣ በየቀኑም ይታጠባል። የሕመም ማስታገሻዋን ሐኪሙ በክብደቷ ለክቶ ሰጠኝ፤ በባዶ ሆዷ ሳይሆን ከምግብ ጋር፣ እሱ ባለው ልክ ብቻ። የደሴ ብርድ አጥንቷን እንዳይገባት ሙቅ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ በጨርቅ ጠቅልዬ አጠገቧ አኖራለሁ። መራመድ ሲያቅታት የምትጸዳዳበትን አሸዋ ከጓሮ ወደ መኝታዋ አቀረብኩት፣ ጠርዙም ዝቅ ያለ ሳፋ አደረግሁት። ምግቧን ያለ ጨውና በርበሬ ቅቅል ሥጋ ከመረቁ ጋር ለብ አድርጌ በትንሽ በትንሹ ነበር የማቀርበው፤ ሙቀቱ ሽታውን ያወጣዋል፣ ያረጀ አፍንጫ የሚፈልገው እሱን ነው። ወተት ያስቀምጣታል ብዬ ተውኩት። ድመት ሁለት ቀን ሙሉ ካልበላች ጉበቷ ሊጎዳ ይችላልና ዝም ብለሽ አትጠብቂ።

መጨረሻ ላይ ስትተኛ እንኳ ማቃሰት ጀመረች፣ የምትወደውን መረቅም ፊቷን አዞረችበት። ሐኪሙ በማደንዘዣ ሊያሳርፋት እንደሚችል ነገረን። ቤታችን እስላሙም ክርስቲያኑም ያለበት ነው፤ አንዳንዱ "ነፍስ የአላህ ናት፣ በራሷ ጊዜ ትሂድ" አለ፣ ሌላው "ስቃይዋን ማየት ኃጢአት ነው" አለ። ማንንም አልነቅፍም። እኔ ያስመረመርኳት፣ ያጠብኳት፣ ሌሊት አብሬያት የተቀመጥኩ በመሆኔ እንድታርፍ ፈቀድኩ፤ ዛሬም ቢሆን እንዲሁ አደርጋለሁ። አንቺ ግን እዚህ ገና አልደረስሽም። ድመትሽ ትበላለች፣ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ጊዜ አለሽ፤ የጊዜው ጥቅም ግን ዛሬ ብትነሺ ነው።

በነገራችን ላይ ግልገል ድመት ያላችሁ ሌሎች እህት ወንድሞች፣ ከ6 ወሯ በፊት ማምከኛ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ድመት የጡት ካንሰር ዕድሏ ወደ 90 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከሁለት ዓመት በኋላ ከተደረገ ግን ይህ ጥቅሙ የለም ማለት ይቻላል።

ወደ ደሴ ስታመጫት በመሀል ያለው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ያስታውካታልና ከመንገዱ በፊት ብዙ አትመግቢያት። ካርቶን በስተሽ፣ የምትተኛበትን ጨርቅ ከሥር አንጥፈሽ፣ ካርቶኑን በገመድ አሥረሽ ነው፤ ክንድ ላይ ታቅፈሽ ሚኒባስ አትግቢ፣ ጡሩንባ ሲነፋ ታመልጥሻለች። ፈርታ ከነከሰችሽ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቢና ጤና ጣቢያ ሂጂ። የለካሽበትን ወረቀት አትርሺ። ሐኪሙንም መርፌው ምን አሳየ፣ ሳንባዋ ንጹሕ ነው ወይ፣ ኩላሊቷ ማደንዘዣ ይችላል ወይ ብለሽ ጠይቂው። የትልቁን እብጠት ልክ በሳንቲሜትር ዛሬ ማታ ለክተሽ ጻፊልኝ፤ ደሴ ስትደርሺ መናኸሪያ መጥቼ እቀበልሻለሁ።